እታበባና 53ቱ ደወሎች

ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ የፖቶማክን ወንዝና የዋሽንግተንን ሐውልቶች ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ 53 ደወሎች የተሸከመ የብረት ማማ ቆሟል። የኔዘርላንድስ ካሪሎን ይሉታል። በሰመር ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሙዚቀኛ ማማው ላይ ወጥቶ ደወሎቹን ይጫወታል። ቲኬት የለ፣ በር የለ፤ ወንበር የያዘ በወንበሩ፣ ያልያዘ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እዚህ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች ከሥሩ በሚያልፈው ሩት 50 ጠዋት ማታ እንመላለሳለን። ከኮሎምቢያ ፓይክ የሚነሳው፣ ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣው፣ ዲሲ ሥራ የሚገባው ሁሉ ያውቀዋል፤ መንገዱን ማለቴ ነው። ቀና ብሎ ማማውን ያየና «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ ግን ብዙ አላጋጠመኝም። ያሳዝነኛል። በነፃ ከተሰጡን ነገሮች ሁሉ ይህን ያህል ግርማ ያለው እዚህ ከተማ ውስጥ አላውቅም።

ባለፈው ሐምሌ ወደዚያ እንድሄድ ምክንያት የሆነችኝ እታበባ ናት። የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ዘጌ ተወልዳ፣ ባሕር ዳር ተድራ፣ ልጆቿን አሳድጋ፣ በስተርጅናዋ እኛን ልታይ መጣች። የመጣች ሰሞን ሁሉም ነገር ደስ ብሏት ነበር። ውሎ ሲያድር መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ውጭ ውጭ ማየት አበዛች። «ምነው እታበባ፣ ምን ጎደለሽ?» ብላት፣ «አገሩስ ደኅና ነው ልጄ፤ ድምፅ የለውም እንጂ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ዶሮ አይጮህ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን አይጣራ፣ ሌሊት ደወል አይደወል። ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ በመኪና የሚኬድበት ሕንፃ ነው፤ ቅዳሴው ከግድግዳው አልፎ ሠፈር አይቀሰቅስም። እሷ ደግሞ በደወል ያደገች ናት። በዘጌ ገዳማት በገመድ የተንጠለጠለ የድንጋይ ደወል አለ፤ በሌላ ድንጋይ ሲመቱት ድምፁ መረዋ ነው፣ በቡናው ጫካ አልፎ እስከ ሐይቁ ዳር ይሰማል። ልጅ ሆና መንጋቱን የምታውቀው በሱ እንደነበር ስንቴ አጫውታኛለች። ስለዚህ ቅዳሜ ደወል ላሰማት ቆረጥሁ።

ጎረቤታችን ጋሼ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። «በእኔ መኪና ነው የምንሄደው፤ ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም» አሉ። እታበባ ከጠዋት ጀምራ ድፎ ደፍታለች። ቡናውን በፔርሙስ ሞልታ፣ ስኒዎቹን በፎጣ ጠቅልላ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ይዛ ገባች። ፀሐዩ ገና አልበረደም። ከምዕራቡ በኩል ብቻ ትንሽ ጥቁር ደመና ነበር፤ ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነው።

ሩት 50ን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወደ ማማው የሚያስገባውን መውጫ ካለፍህ መዞሪያ የለህም፣ መንገዱ ይዞህ የሩዝቬልት ድልድይ ላይ ይወጣል፣ ድልድዩ ደግሞ ዋሽንግተን መሀል ያራግፍሃል። እኛ ስንደርስ መውጫው በብርቱካናማ ኮኖች ታጥሯል። ምልክት ቀደም ብሎ አልተተከለም፤ የሚያስቆም ሰውም የለም። ከግራ ቀኝ መኪና እየገፋን ማማውን በቀኛችን እያየነው አለፍነው። እታበባ አንገቷን አዙራ «ያ አይደለም እንዴ?» አለች። እኛ ድልድዩ ላይ ነን። ጋሼ «ምንም አይደል እናቴ፣ በሜሞሪያል ድልድይ እመልስዎታለሁ» አሏት። ሜሞሪያል ድልድይም ዝግ ሆኖ ጠበቀን፤ ሯጮች ነበሩበት። ፖሊሱ በእጁ ወደ ሰሜን አሳየን። የቀረን ጆርጅታውንን ሰንጥቆ በኪ ድልድይ መሻገር ብቻ ነበር። ቅዳሜ ማታ የጆርጅታውን ኤም ስትሪት ምን እንደሚመስል ለዋሽንግተን ሰው አልነግርም። መኪናው አንድ እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። ሙዚቃው የሚጀመርበት ሰዓት እዚያው መብራት ላይ ቆመን አለፈ።

እንዲያ ተቀርቅረን ሳለ ነው የደወሎቹን ታሪክ የነገርኋት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው ክረምት አብዛኛው የኔዘርላንድስ ክፍል በናዚ ጀርመን እጅ ነበር። በምዕራብ ያሉ ከተሞች ምግብም ማገዶም ተቋርጦባቸው ወደ 20 ሺህ የሚገመት ሰው በረሃብ አለቀ። ሕዝቡ የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ በላ። «የአበባ ሥር?» አለች እታበባ። አዎ አልኋት። በሚያዝያ መጨረሻ የእንግሊዝና የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ቦምቡን ትተው ምግብ ጭነው እየመጡ ዝቅ ብለው በየሜዳው ጣሉላቸው። በዚያው ጦርነት ናዚዎች በየአገሩ የቤተ ክርስቲያን ደወል እያወረዱ ወስደዋል፤ መዳቡንና ቆርቆሮውን ለጦር መሣሪያ ፈልገው። እታበባ የረሃቡን ነገር ዝም ብላ ነው የሰማችው። ረሃብ አይታለች። ይህን ስትሰማ ግን ደረቷን መታች። «ደወል አውርደው? ደወል ለጥይት?» ጋሼ በመስታወቱ አይዋት።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ በማርሻል ዕቅድ አውሮፓን ስታቋቁም ኔዘርላንድስም ከተረዱት አንዷ ነበረች። ሕዝቡ ምስጋናውን በምን እንግለጽ ሲል ሐውልት አላቆመም፤ ገንዘብ አዋጥቶ ደወል አስቀረፀ። በ1952 ንግሥት ዩሊያና መጥታ ለመጪዎቹ ደወሎች መያዣ ይሆን ዘንድ አንዲት ትንሽ ደወል ለፕሬዚዳንት ትሩማን ሰጠች። የተሰጠችው ዋሽንግተን ሜሪዲያን ሂል ፓርክ ውስጥ ነው። ይህን ስል ጋሼ መሪውን ለቀው ወደኔ ዞሩ። አዳምስ ሞርጋን የቀደምት ሐበሾች ሠፈር ነው፤ ፓርኩ ከዚያ በእግር ይደረሳል፤ እሳቸውም በመጡ ጊዜ የኖሩት እዚያ ነው። «እሑድ እሑድ እዚያ ፓርክ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስንት ደብዳቤ ጽፌአለሁ! ለናቴ፣ ለእህቶቼ…» አሉና ዝም አሉ። ከኋላችን ያለው ጥሩንባውን ነፋ፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ደወሎቹ ራሳቸው፣ 49 ሆነው፣ በ1954 ደረሱ። መጀመሪያ ወንዙ ዳር በጊዜያዊ ማማ ተሰቀሉ። አሁን ያለው ማማ፣ ኔዘርላንድሳዊው አርክቴክት ዮስት ቦክስ የነደፈው፣ ቁመቱ ወደ 39 ሜትር ነው፤ የተመረቀው ግንቦት 5 ቀን 1960 በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ አገራቸው ነፃ በወጣችበት 15ኛ ዓመት ዕለት ነው። እያንዳንዱ ደወል በላዩ የገዛ ምልክቱና ግጥሙ ተቀርፆበታል፤ አንዱ የአንድ ክፍለ ሀገር ነው፣ አንዱ የባሕርተኞች፣ አንዱ የማዕድን ቆፋሪዎች፤ ትናንሾቹ የልጆችና የወጣቶች ናቸው። በ1995 አንድ ተጨመረ። በኋላ ሁሉም ወርደው ለእድሳት ወደ ተሠሩበት አገር ተጓዙና በ2021 ሦስት አዳዲስ ይዘው ተመለሱ፤ ሦስቱ ለጆርጅ ማርሻል፣ ለኤሊነር ሩዝቬልትና ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ናቸው። እንዲህ ነው 53 የሆኑት።

ሮዝሊን ስንደርስ መኪና ማቆሚያ ያገኘነው ከማማው ርቆ ነው። የእታበባ ጉልበት ደግሞ ቁልቁለት አይወድም። እኔ ድፎውንና ፔርሙሱን፣ ጋሼ ክንዷን ይዘን በዝግታ ወረድን። ባንዲራ የሚተክሉት ስድስት የነሐስ ወታደሮች፣ የኢዎ ጂማው ሐውልት፣ ጋ ስንደርስ ደከማትና ቆመች። ያኔ ነው የተሰማን። በዛፎቹ መሀል መጣ፤ መጀመሪያ ቀጫጭኖቹ፣ እንደ ጠል ነጠብጣብ፣ ከዚያ ከሥራቸው አንድ ትልቅ ደወል ከመሬት የወጣ ይመስል ገባ። እታበባ ነጠላዋን ዘርግታ ተከናነበች፣ አማተበች፣ ወደ ምሥራቅ ዞረች። «የማን ታቦት ነው?»

«ታቦት የለም እታበባ። ያ የነገርሁሽ ምስጋና ነው።»

«ምስጋና ከሆነማ ተቀምጦ አይሰማም» አለችና ድጋፏን ለቀቀች። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሼም ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ ምን ላድርግ? ድፎውን ታቅፌ ቆምሁ።

ካሪሎንን ከማማው ሥር ተቀምጦ መስማት የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። ሥሩ ላይ የእንጨቱና የሽቦው ኳኳታ ይበዛል፣ በትልቁና በትንሹ ደወል መካከል ያለው ሚዛንም ይዛባል። ራቅ ሲሉ ነው ድምፆቹ ተዋሕደው የሚመጡት። ያ የተዘጋ መውጫ፣ ያ ሩቅ መኪና ማቆሚያ የሰጠን ቦታ ከጥሩዎቹ አንዱ ነበር። ከበታቻችን የሩት 50 ጩኸት አለ፣ ወንዙን ተከትለው ወደ አየር ማረፊያው የሚወርዱ አውሮፕላኖች አሉ፤ ደወሉ ግን ከነሱ ጋር አይታገልም፣ በላያቸው ያልፋል።

ካሪሎን የሚባለው ቢያንስ 23 ደወሎች ሲኖሩት ነው። ደወሎቹ ራሳቸው አይወዛወዙም፤ በብረት አግዳሚ ላይ ጥርቅም ተደርገው የታሰሩ ናቸው፤ የሚንቀሳቀሰው ውስጣቸው ያለው ምላስ ነው። ምላሶቹ በሽቦ ከታች ካለው ክፍል ጋር ተያይዘዋል። እዚያ ተጫዋቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ በተርታ የተደረደሩ የእንጨት ዘንጎችን በቡጢው ይመታል፣ የትልልቆቹን በእግሩ ይረግጣል። ከደወሎቹ ትልቁ ከ5 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ከትናንሾቹ ግን በሁለት እጅ የሚታቀፍ አለ። በሌላ ሰዓት ማሽን ያስጫውታቸዋል፤ እሱም ደኅና ነው፣ የሚያልፈውን ሰው ቀና ያደርጋል። ሰው ሲጫወተው ግን ሌላ ነው። ማሽን አንዱን ዜማ ዛሬም ነገም አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚመታው፤ ሰው ዘንጉን ሲዳብሰው ደወሉ ያንሾካሹካል፣ ሲነርተው ይጮኻል። የተመታ ደወል ደግሞ ዝም በል አይባልም። ድምፁ ራሱ እስኪያልቅ ይቆያል። ተጫዋቹ ቀጣዩን ሲመታ ቀድሞ አየሩ ላይ ካለው ጋር እንዳይጣላበት እያሰበ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በሁለት ምት መሀል ያለውን ክፍተት ነው የማዳምጠው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የደወል ድምፅ አንድ ድምፅ አይደለም፤ ሲመታ ብዙ ድምፆች አብረው ይወጣሉ፣ ከነሱ አንዱ ሐዘንተኛ ነው። የአውሮፓ ሙዚቀኞች ማይነር ሰርድ የሚሉት ነው። ዜማው የሠርግ ቢሆን እንኳ ከውስጡ አንድ የሚተክዝ ድምፅ አይጠፋም። ትዝታ ለለመደ ጆሮ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። እነዚህን ውስጣዊ ድምፆች እርስ በርስ ማስማማት የቻሉት የመጀመሪያዎቹ ኔዘርላንድስ ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የሄሞኒ ወንድማማቾች፣ ፍራንሷና ፒተር፣ ናቸው፤ በ1644 ለዙትፈን ከተማ በሠሩት ካሪሎን። የደወሉን ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየፋቁ። ዛሬም የሚሠራው እንዲሁ ነው፤ ደወሉን ገልብጦ ቶርኖ ላይ አስሮ መፋቅ። ካለልክ የፋቁትን መመለስ ስለማይቻል ፋቂው ጥቂት ይፋቅና ያዳምጣል፣ ጥቂት ይፋቅና ያዳምጣል። የሄሞኒዎቹ አማካሪ ያኮብ ፋን አይክ የዩትሬክት ከተማ የደወል ተጫዋች ነበር፤ ዐይነ ሥውር ነበር። ይህን ስነግራት እታበባ «የኛም የቅኔ ሊቃውንት ስንቱ ዐይነ ሥውር ነው» አለች፣ ከነጠላዋ ውስጥ ሆና።

ዝናቡ የጀመረው ወደ ማማው ለመጠጋት በሣሩ ላይ ስንወርድ ነው። ያ ትንሽ ደመና ሰማዩን ሞልቶታል። ሩቅ ነጎድጓድ አጉረመረመ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ለቀቀው። ወንበር የያዘው ወንበሩን፣ ልጅ የያዘው ልጁን እያነሣ ሁሉም ወደየመኪናው ሮጠ። የኛ መኪና ከኮረብታው ማዶ ነው። ጃንጥላ አንድ፣ ሰው ሦስት፤ ጃንጥላውን ነፋሱ ገለበጠው። እታበባ መሮጥ አትችልም፣ ዛፍ ሥር መጠለል በመብረቅ ጊዜ አይሆንም። ፔርሙሱ ከእጄ አምልጦ ድንጋዩ ላይ ተከሰከሰ፤ ቡናው ፈሰሰ፣ ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣበቀ። የማማውን አደባባይ የሚጠብቁት ሁለቱ የነሐስ አንበሶች ጋ ስንደርስ ከመንገዱ ዳር የቆመ አንድ ሚኒቫን በሩ ተከፈተ። ውስጡ አንዲት እናትና ሁለት ልጆቿ አሉ፤ በእጃቸው «ግቡ፣ ግቡ!» ይሉናል። ገባን። ወንበራቸውን በጭቃና በውሃ አበሰበስነው፤ አንድም አልከፋቸውም።

መስኮቱን ትንሽ ዝቅ ስናደርግ ሙዚቃው አልቆመም! ሣሩ ላይ አንድ ሰው የለም፤ ተጫዋቹ ግን እዚያ ላይ ክፍሉ ውስጥ እየተጫወተ ነው። ከላይ ሆኖ ሰሚውን አያይ፣ ሰሚውም እሱን አያይ። መልኩን ማንም ሳያይለት የሚጫወት ሙዚቀኛ! በቤልጂየሟ ሜክለን ከተማም የካሪሎን ተጫዋቹ ዬፍ ዴነይን ከ1892 ጀምሮ ሰኞ ሰኞ ማታ በቅዱስ ሩምቦልድ ማማ ይጫወት ነበር፤ 97 ሜትር ከፍታ ካለው ማማ። ሕዝቡ በሺህ እየሆነ ከየአገሩ መጥቶ በየመንገዱ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ በ1922 እዚያው በዓለም የመጀመሪያውን የካሪሎን ትምህርት ቤት አቋቋመ። ነገሩ ሁሉ ከጥንት የተሠራው ለአላፊ አግዳሚ ነው። ገበያተኛው እየገበየ፣ እመጫቷ አልጋዋ ላይ ሆና፣ እሥረኛው ከእሥር ቤቱ ይሰማዋል። ለመስማት ያልመጣውም ድርሻ አለው። ዝናብ የበተነው ሰው ሁሉ በየመኪናው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይሰማ እንደነበር ያወቅሁት ሲያልቅ ነው፤ ጭብጨባ በሌለበት ጥሩንባ ነፉ፣ ከዚህም ከዚያም፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ።

እታበባ ድፎውን ከፌስታሉ አወጣች። ዙሪያው ርሷል፣ መሀሉ ደኅና ነው። ባርካ ቆረሰችና መጀመሪያ ለልጆቹ ሰጠች። ትንሿ ልጅ ጥቁር አዝሙዱን በጣቷ እየነቀለች አየችው፣ ከዚያ ቀመሰችው፣ ከዚያ እጇን ደግማ ዘረጋች።

ዝናቡ ሲያባራ ተጫዋቹ ወረደ። ሸምገል ያለ፣ ቀጭን ሰው ነው፤ ፎጣ አንገቱ ላይ ጥሎ። ጋሼ ሄደው አናገሩትና ወደ እታበባ አመጡት። እጁን ስትጨብጠው አልለቀቀችውም፤ ገልብጣ አየችው። የሁለቱም እጆቹ ትንሽ ጣት በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ ዘንጉን የሚመታው በቡጢው ዳር፣ በትንሹ ጣት በኩል ስለሆነ። ከፕላስተሩ በታች እስከ አንጓው ድረስ ቆዳው ጠንክሮ ቢጫ ሆኗል። እሷ በጣቷ ዳበሰችው። «ይሄ የወፍጮ እጅ ነው» አለችኝና ወደሱ ዞራ «እጅህ ይባረክ፣ ቁርጥማት አይንካህ» አለችው። ተረጎምሁለት። ጎንበስ አለላት። ያን ትልቁን ሲመታ ምን እንደሚሰማው ጠይቅልኝ አለችኝ። ጠየቅሁት፤ ወንበሩ እንደሚንቀጠቀጥ፣ በጆሮው ሳይሆን በጀርባው እንደሚሰማው ነገረን። የድፎዋን ቁራሽ በናፕኪን ጠቅልላ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

በመመለሻችን ጋሼ ስለ ደወል ይጠይቁኝ ጀመር። ሌላ የት አለ? ሉሬይ አለ አልኋቸው፣ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ዋሻው ያለበት ከተማ፤ በ1937 የተሠራ የድንጋይ ማማ፣ 47 ደወል፣ እሱም በነፃ። ሁለት ሰዓት ያህል ይነዳል። «ጠዋት ከወጣን እንደርሳለን» አሉ ጋሼ፤ «ድልድይም የለው፣ ሯጭም የለው።» እታበባ ከኋላ ወንበር እግሯን በደረቅ ፎጣ እየጠቀለለች የጽዋ ማኅበሯን ሴቶች አንድ ባንድ ስም እየጠራች ትቆጥራለች፤ ማን ጉልበቷን ያማታል፣ ማን መኪና ያዞራታል፣ ማን ድፎ ትደፋለች። ስድስት ደረሱ። «አንተ ልጅ፣ መኪናህ ስንት ሰው ይይዛል?» አለቻቸው። ጋሼ ከወንድማቸው ቫን እንደሚበደሩ ነገሯት፤ እሷም ፔርሙስ ሁለት እንድገዛ አዘዘችኝ።